ያልመጡት ጓደኞቼና የከተማ ዳሩ ትምህርት ቤት

ሐሙስ ንጋት፣ አዳማ

መናኸሪያው ገና አልነቃም፤ የነቁት ረዳቶቹ ብቻ ናቸው። «አሰበ ተፈሪ ነው የምሄደው» ስለው ረዳቱ ሳቀብኝ።

«ጭሮ በል፣ ፋዘር!»

እሺ፣ ስሙ ተቀይሯል፤ ጭሮ። እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት አሰበ ተፈሪ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አፌን ማን ያቃናዋል?

የምሄደው ለተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል ነው። ርዕሰ መምህሩ ደውሎ የቀድሞ ተማሪዎችን እንዳመጣለት ሲለምነኝ፣ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። መልሱ ጎረፈ። ሙስሊሞቹ «ኢንሻአላህ»፣ ክርስቲያኖቹ «እግዜር ካለ» አሉ። እኔ ጅሉ ሁሉንም «እመጣለሁ» ብዬ ያዝኩትና ርዕሰ መምህሩን «ክፍላችን በሙሉ ይመጣል» አልኩት። የእኛ አገር ሰው እምቢ ማለት ሲያፍር ምን እንደሚል ረስቼ!

እውነቱን ልናገር፤ የጓጓሁት ለበዓሉ አይደለም። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ምሳም እራትም ብቻዬን ነው የምበላው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከነዚያ ሰዎች ጋር ትሪ ከብቤ መብላት አማረኝ።

ረፋድ፣ ሚኤሶ

ሙቀት፣ አቧራ፣ መንገድ ዳር የተደረደሩ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች። ማሽላው እንደቆመ ደርቋል። የግመል ወተት በጀሪካን ይዛ የተቀመጠችውን ሴት «ምነው ተወደደ?» አልኳት።

«አቦ፣ ዝናብ የለም፣ ሣር የለም፤ ግመሏ ከየት ታምጣው?»

አፈርኩና ገዛሁ። ጭስ ጭስ ይላል፤ ደስ ይላል። እየጠጣሁ ስልኬን ከፈትኩ። አንዱ ጓደኛችን መኪናው ጋራዥ ገብታለች። ሌላው ሰርግ አለበት። ሦስተኛው ቀይ ልብ ብቻ ልኳል። ልብህን ምን ላድርገው፣ አንተ ሰው?

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እያንባረቀ ቁልቁል አለፈን። «ይሄ ፍሬን የሚባል ነገር አያውቅም» አለ ሾፌራችን።

ማታ፣ ጭሮ

አልጋ ይዤ ለእራት ወረድኩ። «ሰው ይመጣል?» አለችኝ አስተናጋጇ። «ነገ» አልኳት። ትርፎቹን ወንበሮች ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰደቻቸው።

አርብ ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ

ከከተማው ዳር፣ ከተራራው ሥር ነው። ነዋሪው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ለቆርቆሮ አዋጥቶ ነው ያቆመው፤ ያኔ ከበስተጀርባው ማሳ ብቻ ነበር። አሁን ቤቶች ውጠውታል። እኛ የተማርንባቸው ክፍሎች ጣሪያቸው ዝጎ አሉ፤ የእኔው መጋዘን ሆኗል። ከጎናቸው ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ያለው ፎቅ ቆሟል።

በእኛ ጊዜ ከቦኬ፣ ከበደሳና ከሚኤሶ የመጣን ልጆች ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንማረው። ስንቃችን በጭነት መኪና ይላክልናል። የማንም ይሁን የማን፣ አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። ሥጋ ስለማናገኝ እስላም ክርስቲያን ብሎ የሚለየን አልነበረም። ተከራይ ልጅ ለብቻው ሲበላ ከተያዘ፣ ሳምንቱን ሙሉ ውኃ የሚቀዳው እሱ ነው። ዛሬ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ስላለ ተከራዩ ጥቂት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ገና ወጣት ነው። ሱፍ ለብሶ በር ላይ ተቀበለኝና ከኋላዬ ተመለከተ።

«ሌሎቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ ጋሼ?»

«አይ፣ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ወደ ሜዳው አስገባኝ። ለእኛ ድንኳን ተጥሏል፤ የፕላስቲክ ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል። ይናገሩ ሲሉኝ የትሪውን ነገር ነገርኳቸው፤ ውኃ ቀጂው ላይ ስደርስ ሳቁ። ሳቃቸው አበረታኝና «ከእናንተስ ተከራይ አለ? እራት ከማን ጋር ትበላላችሁ?» አልኩ።

ከሚኤሶ የመጣች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ብቻዬን። ስልኬን እያየሁ።» ጓደኞቿ ሳቁባት። እሷ አልሳቀችም።

«አባባ፣ ተምሬ ጨርሼ ሥራ ስይዝ ግን እንዲህ አይቀጥልም፣ አይደል?»

 ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት ያያል።

«አይቀጥልም የኔ ልጅ፤ ያኔ አብሮሽ ትሪ የሚከብ ሰው ይበዛል» አልኳት።

ልጅቷ ከኋላዬ ያሉትን ባዶ ወንበሮች ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። ከዚያ «እሺ አባባ» አለችኝ፤ እኔን ላለማሳፈር።