መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣት ከየቀበሌው በሚታፈስበት ወቅት ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም መንገድ ዳር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያኔ ከነቀምት መጥቼ ኮተቤ መምህርነት እማር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ዘመድ የለኝም። አገር ቤት እያለሁ እሑድን የማሳልፈው በጸሎት ቤት ነበር፤ እሱም በመንግሥት ከተዘጋ ቆይቷል። የክፍሌ ልጆች ዘመድ ጥየቃ ሲበታተኑ ባዶ መኝታ ክፍል ውስጥ መዋል አስጠላኝ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ወደ እንጦጦ ጋራ የሚያወጣውን መንገድ ይዤ ወጥቼ ባሕር ዛፍ ሥር እቀመጥና አላፊ አግዳሚውን አይ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌዎች፣ ፈቃድ የወጡ ወታደሮች፣ ጎብጠው እንጨት የሚያወርዱ ሴቶች ያልፋሉ። አንድ ነገር አስተዋልኩ። እዚያች መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሁሉም ሰው ቆም ይልና ቁልቁል ከተማውን ያያል። የየቤቱን ጣሪያ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። የኔ ቤት ከዚያ አይታይም። ቢሆንም ሰው ሁሉ አንድ ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

እንጨት ተሸካሚዎቹ እኔ አጠገብ ሲደርሱ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አፍረው መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ግን ከመካከላቸው አንዲት በናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ወደ ኋላ ቀሩ። ሸክማቸውን መንገዱ ዳር ካለው ጉብታ ላይ አስደግፈው አጠገቤ መጡና አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«አይቆጡኝ ጌታዬ» አሉኝ። «እዚህ የሚቀመጡት ልጄን ፈልገው ከሆነ ይንገሩኝ። መወሰዱ ካልቀረ ጋቢውን አጥቤ፣ በሶውን ቋጥሬ ልጠብቅ።»

ክው አልኩ። እኔ ሰው ሳይ ሰው እኔን እንዴት እንደሚያየኝ አስቤ አላውቅም። ለካ ጆሮ ጠቢ መስያቸዋለሁ።

«እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ» አልኳቸው። «የምሄድበት ስለሌለኝ ነው እዚህ የምቀመጠው። እባክዎን አንተ ይበሉኝ።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«እናት አለችህ?»

«አለች። ካየኋት ዓመት አለፈኝ።»

ያኔ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ግማሹን እጄ ላይ አደረጉልኝ። ሰው ሲያልፍ አብረን እያየን ቆረጠምን። ሲነሡ ሸክማቸውን አሸከምኳቸው። «በርታ ልጄ» ብለውኝ ወረዱ።

ሳምንቱን ሙሉ እሑድን ስናፍቅ ሰነበትኩ። እሑድ ግን እንጨት ተሸካሚዎቹ በዚያ መንገድ አልመጡም። ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ በታች ካለው ገደል ማዶ፣ በሩቁና በአስቸጋሪው መንገድ ተሰልፈው ሲወርዱ አየኋቸው። ሴትየዋ አብረዋቸው ይኑሩ አይኑሩ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ መቀመጥ ተውኩ።

አልተቀየምኳቸውም። ዛሬ እኔም ልጅ አለኝ፤ አንዲት እናት አንድ እፍኝ ቆሎ አብሯት የቆረጠመን ሰው አምና ልጇን እንደማታስይዝ ይገባኛል። ያም ሆኖ ያ ልጅ ተርፎ ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ስሙን አላውቀውም። ያን ቀን ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስሙን ብጠይቃቸው ግን እንደገና ይፈሩኝ ነበር።