የእታገኝ ዓሣና የአክስቴ «ኤዲያ»

ቴሌቪዥኑ ከነበረበት ጠረጴዛ ላይ አሁን ውሃ የሞላ የመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። የልጅ ልጄ ሰላም ናት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ታቅፋ ደብረ ታቦር ድረስ ያመጣችው። አኳሪየም ነው የሚባለው አለችኝ። ውስጡ ዓሣ ይዋኛል፣ ቅጠል ይወዛወዛል፣ ቀንድ አውጣ መስታወቱን እየላሰ ሽቅብ ይወጣል። ኤዲያ! እንግዳ ሲመጣ ያን ለሐጫም እያየ እንዴት ይጎርሳል? እኔማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምበላ።

ሰላም ዓሣ ስትመርጥ ደግሞ ማየት ነው። «እምዬ፣ ይኼኛው ከዚያኛው ጋር አይስማማም፣ ጭራውን ይነክሰዋል። ያኛው ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፣ ይኼ ቀዝቃዛ ይወዳል። ቅጠሉም ዝም ብሎ አይገባም» እያለች ስታጠና ሰነበተች። «ኧረ ልጄ፣ እኔን ሲድሩኝ ሰባት ቤት ብቻ ነው የቆጠሩት፤ ይናከስ እንደሁ ማንም አልጠየቀልኝ» አልኳት። ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ ሊበሰብስ የጀመረ ቅጠል ከውሃው አውጥታ ልትጥል በአጠገቤ ስታልፍ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እርጥብ ቁርበትና ያደረ ጭቃ የተቀላቀለበት ሽታ ነው። አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። ግን ያው ሽታ አንስቶ ሐሙሲት አጠገብ ካለው ካባቴ ጓሮ ወስዶ ጣለኝ።

ልጅ ሆኜ የማልጸየፈው ነገር አልነበረም። ዝንብ ያረፈበት አልበላ፣ ሌላ ሰው በጠጣበት ዋንጫ አልጠጣ። እናቴ «ይቺ ደሞ የማን ወይዘሮ ናት!» ትለኝ ነበር። የማን እንደሆንኩማ ታውቃለች፤ የእህቷ የጥሩወርቅ ነኝ። አክስቴ ጥሩወርቅ ነጠላዋ ላይ ጠብታ የማይገኝባት፣ እንግዳ የጠጣበትን ዋንጫ በአመድ ፈትጋ ፈትጋ የምታሳሳ ሴት ነበረች። ሰው ቤት ስትገባ ገና ከደጃፉ አፍንጫዋን ሰብስባ «ኤዲያ!» ትላለች። ጎረቤት ሁሉ እሷ ትመጣለች ሲባል መጥረጊያ ያነሳ ነበር።

እሷ ናት እንግዲህ የታመመችው። ልንጠይቃት ሄድን። ዝንብ ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ እሽ አላለችውም። የተኛችበት ቁርበት ሲሸት «ኤዲያ» አላለችም። እናቴ ያን ጊዜ ወደ ውጭ ወጥታ አለቀሰች። ከዚያ ለጠበል ወደ ጣራ ገዳም ወሰዷት፤ ልጇ እታገኝ እኛ ቤት መጣች።

እታገኝ በትንሹ ትበልጠኛለች። ስትመጣ የያዘችው አንድ ቅል ነው። እርጎ መስሎኝ ከንበል አድርጌ ልጠጣ ስል ሦስት ዓሣ ቁልጭልጭ ይላል። ጮህኩ። ከጉማራ ወንዝ በነጠላዋ ጠልፋ ያወጣቻቸው ናቸው። አንድ ቁርበት ላይ ነበር የምንተኛው፣ እጇ ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። «ነገ ካልደፋሽው ለእናቴ ነው የምናገር» አልኳት።

«ተስያለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እናቴ እስክትመለስ እነሱ ካልሞቱ፣ እሷም አትሞትም።»

ስለት የጥላ ነው፣ የሻማ ነው፤ የዓሣ ስለት ሰምቼ አላውቅም። ግን ዓይኗን ሳይ ለእናቴ መናገሩን ተውኩት። አፌን ዘጋሁ። አፍንጫዬንም።

ጓሮ ዱባው ሥር አንገቱ የተሰበረ ጋን ነበር፤ እሱን ውሃ ሞላንበት። ሦስቱ ዓሦች እርስ በርስ ሲባረሩ አየችና እታገኝ ተጨነቀች። ሄዳ ደግሞ ሌላ አመጣች፤ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ጢም ያለው አምባዛ። «ጢም አለው፣ ሽማግሌ ይሁናቸው፣ ያስታርቃቸዋል» አለችኝ። እኔም ልክ ነው አልኩ፤ እኛ አገር የተጣላን የሚያስታርቅ ጢም ያለው አይደል? በማግሥቱ ሽማግሌው ሆዱ ተነፍቶ ብቻውን ጥግ ይዟል። ሁለቱን ውጦ አድሯል፣ እፍ! አንዲቱ ብቻ ስባሪ ገል ሥር ተሸጉጣ ተርፋለች። እታገኝ በእናቴ የዱቄት ወንፊት አምባዛውን አውጥታ ወደ ወንዙ መለሰችው። የወንፊቱን ነገር እናቴ ስትሰማ የሆነውን አላወራም።

የቀረችው ዓሣ ጥላ ያስፈልጋታል ብላ ደግሞ ከምንጩ ዳር ሳሩን ከነሥሩ ነቅላ ጋኑ ውስጥ ከተተች። ከሳሩ ጋር አልቅት ገባ። አንዱ አልቅት ባቴ ላይ ተጣብቆ እንደ ወይን ፍሬ ሲነፋ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል። እየዋለ እያደረ የጋኑ ግድግዳ አረንጓዴ ንፍጥ አበቀለ፣ ውሃው ገማ። እኔ በሩቁ እተፋለሁ፣ እሷ እጇን እስከ ክንዷ ትነክራለች።

ለሐሙስ ገበያ የመጣ ሰው ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ናት ሲል እታገኝ ተጣደፈች። «እናቴ ይኼን ካየች ትጸየፈኛለች፤ ልናጥበው ነው» አለች። ልብስ በምን ይነጣል? በእንዶድ ነዋ። እንዶድ ሸምጥጠን ወቀጥን፣ አረፋው ቡፍ አለ። ልንጨምር ስንል እናቴ ከኋላ የሁለታችንንም እጅ ጨብጣ ያዘች። «እናንተ የተረገማችሁ! እንዶድ እንኳን ዓሣ አልቅት አያስተርፍም! ዓሣችሁን ሆዷን ሰቅላ ልታዩዋት ነው?» እታገኝ እጇን አስለቅቃ ጋኑን አቀፈችው። እናቴ ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

አክስቴ በበቅሎ መጣች። ከስታ ጥላዋ ብቻ ቀርቷል። ጋኑን ለማጠብም ለመደበቅም ጊዜ አልነበረም። መደብ ላይ አስቀመጧት፣ የሰጧትን ጠጣች፣ ዋንጫውን አላየችውም። «ኤዲያ» የለ፣ ምን የለ። እታገኝ ጥግ ይዛ ታያታለች። በመጨረሻ አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ጓሮ ወጣች፤ እኛም ተከተልን።

«ኤዲያ!» የሚል ድምፅ ሰማን። «ይኼ ምን ግማት ነው? ልጄን ከአረንቋ ጋር ነው ያኖራችኋት? ወይድ!» ብላ ጋኑን በእግሯ ገፍታ ገለበጠችው።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ጋን ተገለበጠ ብሎ እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። እታገኝ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነው። ዓሣዋ የዱባ ቅጠል ላይ ትፈራገጣለች። ከዚያ እታገኝ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

በባዶ እጄ ነው ያነሳኋት። ሙልጭልጭ፣ ቀዝቃዛ፣ መዳፌ ውስጥ እንደ ልብ ትመታለች። እያቅለሸለሸኝ፣ እያለቀስኩ ወደ ምንጩ ሮጥኩና ለቀቅኳት። ትንሽ ተንገዳገደችና ሳሩ ሥር ገባች። ተመልሼ እጄን በዚያው በተወቀጠው እንዶድ እስኪላጥ ድረስ ፈተግኩት።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፣ ብዙ ሰው አስደነገጠች። ያ ምንጭ ዛሬ በጋ ላይ ጠብታ የለውም አሉ፤ ዓሣው ደርሶ ሳሎን ውስጥ መብራት በርቶለት ይዋኛል። እታገኝ አሁን አንበሳሜ ከተማ ትኖራለች፣ እንደኔው ጥርሷ አልቋል። ስልክ ስትደውል እንደ ሌላው ሰው እንደምን አለሽ አትልም፤ «ዛሬስ ምን ቀፈፈሽ?» ነው የምትለኝ።

ሰሞኑን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። ተኝቼ ስለ ሳጥኑ አንዲት ቃል ሳልናገር ዋልኩ። ሰላም ደጋግማ መጥታ አየችኝ፣ ግንባሬን ዳሰሰች። ከዚያ ሄዳ ከሳጥኑ አንድ ዝልግልግ ቅጠል ነቅላ መጣችና አፍንጫዬ ሥር ያዘችው።

«ኤዲያ! አንሺልኝ ይኼን ለሐጫም!»

ወዲያው ስልኳን አወጣች። «እማማ እታገኝ» ስትል ሰማኋት፣ «አይጨነቁ፣ ድነዋል።»