የትኛው ሉቃስ?

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጾመ ነነዌ ሰሞን ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ይርጋለም ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አግኝቼ ባሕር ዳር ስመጣ ከይታይሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ እንደ እህትማማች ሆነን ቀረን። ልጇ ቢንያም በጠብ መሃል የሰፈራችንን ልጅ በስለት ወግቶ ገደለ። መግደሉን አልካደም። ያስጨነቀን ዕድሜው ነበር።

የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፤ ቁመቱ ደግሞ የጎልማሳ ነው። ይታይሽ በሥር ፍርድ ቤት ስትጠየቅ፣ «ዘመነ ሉቃስ ሲወጣ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ወለድሁት» አለች። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በሉቃስ ማብቂያ ነው። «የፊተኛው ሉቃስ ነው የኋለኛው?» ሲሏት በድንጋጤ «የፊተኛው፣ ጌታዬ» ብላ አረፈችው። በአንድ ቃል አራት ዓመት ጨመረችበት። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ የአሥራ ስምንት ተባለና ከአዋቂ እስረኞች ጋር ገባ።

ጠበቃው ይግባኝ አለ፤ ሲወለድ ነበርኩና እኔን ለምስክርነት ጠራኝ። መሐላ እፈራለሁ። የንስሐ አባቴን ባማክራቸው፣ «ያየሽውን ተናገሪ፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ» አሉኝ።

ችሎት ስገባ የሟቹን እናት አየኋት። የማርያምን ጽዋ በየወሩ አብረን ነው የምንጠጣው። ቀና ብላ አየችኝ።

ማልኩ። እንደ ጳጉሜን ወግ በማለዳ ጣና ወርደን ስንጠመቅ ይታይሽን ምጥ እንደያዛት፣ ደግፌ ቤት እንዳደረስኳት፣ ረፋዱ ላይም ቢንያምን እንደወለደች ተናገርኩ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይደሉም፣ አይደል?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ የትኛው ሉቃስ እንደሆነ በምን አወቁ?»

«በዚሁ ነዋ፣ ጌታዬ። በፊተኛው ሉቃስ እኔ ይርጋለም ተማሪ ነበርኩ። ባሕር ዳርን በዓይኔም አላየኋት።»

ጠበቃው የተቀጠርኩበትን ዘመን የሚያሳይ ማስረጃ ከፋብሪካው አውጥቶ ነበርና አቀረበ። ዳኞቹ ተነጋገሩ። በቀጠሮው ቀን ቅጣቱ ተሻረ፤ ጉዳዩም እንደ ልጅ ጉዳይ እንዲታይ ታዘዘ። ይታይሽ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ክንዷን ጨብጬ አስቆምኳት።

ደጅ ላይ የሟቹ እናት ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አልዋሸሽም፤ አውቃለሁ» አለችኝ። «የዚያን ልጅ ዕድሜ ስትቆጥሩ ከረማችሁ። የኔው ስንት ዓመቱ ነበር ያለኝ ግን የለም።»

እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። «ስንት ነበር፣ እታለም?» አልኳት።

«ለዳግም ትንሣኤ አሥራ አምስት ይደፍን ነበር።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች።

እውነቱን በመናገሬ አልጸጸትም። ቢንያምንም ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በጸሎት የሁለቱንም ልጆች ስም እጠራለሁ፤ ከየትኛው መጀመር እንዳለብኝ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።