ኡርጌ ያልደረሰችበት ምዕራፍ

ኡርጌ ቀንዓ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ የተማረችው እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ብቻ ነው። ሰባተኛው ሊሚት ነበር፤ ከሱ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ደግሞ ካልኩለስ። አባቷ ጉደር ላይ በሞቱበት ዓመት የቀን ትምህርቷን ትታ አምቦ ታይፕ ተማረች፤ አሥራ ሁለተኛን በማታ ገባች። የማታው መምህር እየመጣም እየቀረም ስለነበር መጽሐፉ ሳያልቅ ዓመቱ አለቀ። በመጨረሻው ቀን የቀረውን ራሳችሁ አንብቡት ብሎ ወጣ። ኡርጌ አነበበችው፤ አልገባትም። መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍት መለሰች። እነዚያ ሦስት ምዕራፎች ግን ሳይበላ እንደተነሣ ገበታ ሆነው ልቧ ውስጥ ቀሩ።

በ1985 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ በታይፒስትነት ቀጠራት። እናቷንና ሦስት ታናናሾቿን የምታኖር እሷ ነበረችና ሥራውን በደስታ ያዘች። የማባዣው ክፍል ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጀርባ ያለ ባለ አንድ መስኮት ጠባብ ቤት ነው። መምህራን በእጃቸው የጻፉትን ማስታወሻና ፈተና ስቴንስል በሚባለው ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ በታይፕ ትመታለች፤ ከዚያ ማባዣው ላይ ጠቅልላ እጀታውን እያዞረች ታትማለች። ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር አይለቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ስትቆም ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽግ ነበር።

ታይፑ የሒሳብ ምልክት አያውቅም። በተለይ የኢንተግራሉ ምልክት፣ ያ ላይና ታች የታጠፈ ረጅም ጭረት፣ ስቴንስሉ ላይ በሹል ብረት በእጅ መሳል ነበረበት። ብረቱን ሲጫኑት ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሲያላሉት ሲታተም አይወጣም። ኡርጌ ልኩን ያገኘችው ብዙ ስቴንስል ካበላሸች በኋላ ነው። በዓመት ስንት መቶ ጊዜ እንደምትስለው እግዜር ይወቅ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም።

መምህር ፍጹም የመጣው በ1987 መስከረም ነው። የሰሜን ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ኮቱ ጠመኔ የማይለየው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የካልኩለስ መግቢያ ያስተምራል። የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስል ስለነበር ኡርጌ ዓይኗን አጥብባ ነበር የምታነበው። በኅዳር አንድ ቀን አንዱን ገጽ ስትመታ ቆመችና ሰው ልካ አስጠራችው።

«መምህር፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ» አለችው። «ባለፈው ሳምንት ወረቀት ይኸው ሲመጣ ፊቱ ላይ መቀነሻ ነበረው።»

ፍጹም ወረቀቱን ተቀብሎ እንደቆመ አነበበ። የኮሳይን ዴሪቬቲቭ ላይ መቀነሻውን ረስቶታል። በማግስቱ ለሁለት መቶ ተማሪ ሊታደል የነበረ ስሕተት ነው።

«ካልኩለስ ተምረሻል?» አላት።

«አልተማርኩም። መልኩን ነው የማውቀው።»

ስለ ሰባተኛው ምዕራፍ የነገረችው ያን ጊዜ ነው። ሳይስቅባት አዳመጣት። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከአምቦ ጉደር ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ጠየቃት። አሥራ ሁለት ነው አለችው። አውቶቡስ በሃያ ደቂቃ ቢገባ አማካይ ፍጥነቱን ማንም ያሰላዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ባለችው በዚያች ቅጽበት ግን ፍጥነቱ ስንት ነው አላት። ኡርጌ ያን መንገድ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ እናቷ ስትሄድ ታውቀዋለች። ጥቂት አሰበችና፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለችውን ትንሽ መንገድ በትንሽ ጊዜዋ ማካፈል ነው አለች፤ ቀጥሎ ከዚያች ያነሰችውን፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያችም ያነሰችውን።

«እስከ የት?»

«ዜሮ ሳይሆን፣ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ።»

ፍጹም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋ። ከዚያ፣ «ሰባተኛው ምዕራፍ ይኸው ነው» አላት።

እንዲህ ሆነው አንድ ዓመት ተኩል ተማሩ። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በመስኮቱ የሚያልፍ ሁሉ ያያቸዋል። አንድም ክፉ ነገር በመካከላቸው አልነበረም፤ አንድም የፍቅር ቃል አልተነገረም። ኡርጌ ግን ጠዋት ጠዋት የምሳ ሰዓትን መጠበቅ ጀመረች። የምትናፍቀው ትምህርቱን ይሁን መምህሩን ለይታ አታውቅም፤ ለመለየትም አልደፈረችም።

በ1988 መጨረሻ ኮሌጁ ለሠራተኞቹ በትርፍ ሰዓት ትምህርት ፈቀደ። ኡርጌ ማመልከቻዋን ይዛ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወደ ኦቦ ጉደታ ሄደች። ኦቦ ጉደታ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈተናውን የምትመቺው አንቺ፣ የምትፈተኚው አንቺ። እንዴት ይሆናል?»

«የኔን ፈተና ሌላ ሰው ይምታው፣ ኦቦ ጉደታ።»

«ማን ይምታው? አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አንድ ፈተና ሾልኮ አያውቅም። ከአንቺ በፊት የነበረውን እኔ ነኝ የማውቀው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

ሰው በሌብነቱ ይከለከላል፤ ኡርጌን የከለከላት ታማኝነቷ ሆነ። ለፍጹም ስትነግረው ጠመኔ የነካውን እጁን ሲያሻሽ ቆየና፣ ትምህርቱን ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግም አላት። ዴሪቬቲቭን ጨርሰው ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ኢንተግራል እንገባለን ተባባሉ።

መስከረም ሲመጣ ፍጹም አልመጣም። እናቱ ታመውበት ወደ አገሩ ተዛውሯል ተባለ። በጥቅምት አንድ ደብዳቤ ደረሳት፤ ሳይሰናበታት በመሄዱ ይቅርታ ጠይቆ ሦስት ጥያቄ ጽፎላታል። ኢንተግራልን ግን በደብዳቤ ማስረዳት ስለማይሆንልኝ ስንገናኝ ይሁን ይላል። ሦስቱንም ሠርታ በሁለት ቅጠል ወረቀት መለሰችለት። ከዚያ በኋላ መልስ አልመጣም። ደብዳቤዋ ይድረሰው አይድረሰው፣ ያሳዘነችው ነገር ይኑር አይኑር፣ በሰሜን ጦርነት በመጣ ጊዜ ደግሞ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ዓመት ሙሉ የኮሌጁ መልእክተኛ በብስክሌት ከፖስታ ቤት ሲመለስ እስከ በሩ ድረስ ትወጣ ነበር። ቀጥሎ መውጣቱን ተወች፤ ግን የብስክሌቱን ድምፅ ስትሰማ እጇ ታይፑ ላይ ይቆም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሌሎች መምህራን መጡ፣ ሄዱ፤ ከነሱም አንዱ ቢሆን ወንበር ስቦ አልተቀመጠም። ሊያገቧት የጠየቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም ታናናሾቼን ላድርስ ብላ መለሰች። ታናናሾቿ ደረሱ፣ አገቡ፣ እናቷ አረፉ። ኮምፒውተር ገባና ስቴንስል ቀረ። የኢንተግራሉን ምልክት አሁን ማሽኑ ራሱ ያወጣዋል። ከተማው በባጃጅ ተሞላ፤ ኮሌጁም አድጎ ስሙና አጥሩ ሰፋ።

በ2003 የቅዳሜና የእሑድ የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። ኡርጌ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጡረታቸው ወደቀረበው ወደ ኦቦ ጉደታ ቢሮ ገብታ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። ከማባዣው ፈተና ወደማይመታበት ወደ ንብረት ክፍል እንዲያዛውሯት የሚጠይቅ ነው። የወንበርና የጠመኔ መዝገብ ያዥ ልትሆን ነው።

ኦቦ ጉደታ ዝቅ ያለ ቦታ መሆኑን ነገሯት። አውቃለሁ አለች። አንብበው ሲጨርሱ ብዕራቸውን አነሡ።

«ያኔ አጥፍቼብሻለሁ» አሉና ፈረሙላት።

የመጀመሪያውን ካልኩለስ የምታስተምረው ሐምዲያ የምትባል፣ ከጅማ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት መምህርት ነበረች። ተማሪዎቹ ኡርጌን በአክብሮት አዴ ኡርጌ ይሏታል፤ የፊቱን ወንበር ይለቁላታል። መዘምራኑን ተሰናብታ እሑድ እሑድ ክፍል ውስጥ ዋለች፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው መዝሙር በንፋስ ሲደርሳት የሴቶቹን ድምፅ እየለየች ታዳምጥና ወደ ሰሌዳው ትመለሳለች። ሐምዲያ የምታወጣውን ገጽ ሁሉ ኡርጌ ታውቀዋለች፤ ስንት ጊዜ መትታዋለች። ስለዚህ አልፈራችም። በመንፈቁ አጋማሽ ፈተና ከሠላሳው ዘጠኝ ብቻ አገኘች።

ያን ቀን ንብረት ክፍል ገብታ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ፍጹም ያስተማራት ሁሉ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ተኖ መልኩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ማንንም አልወቀሰችም። በማግስቱ ደብተር ገዝታ ከአምቦና ጉደር መንገድ እንደገና ጀመረች።

ኢንተግራል የደረሰው በግንቦት ነው። ሐምዲያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወንዝ ዳር ያለ ማሳ ሣለች። ሦስት ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ አራተኛውን ወንዙ አጣሞታል። ስፋቱን እንዴት እንለካዋለን ብላ ጠየቀች። ኡርጌ አባቷ በሞቱ ጊዜ አጎቶቿ እንዲህ ያለውን መሬት በገመድ ሊከፍሉ ሲጣሉ አይታለች፤ መታጠፊያው በገመድ አይያዝም ነበር። ሐምዲያ ማሳውን በቀጫጭን ትልሞች ከፈለችው፤ የእያንዳንዷን ስፋት አስልታ ደመረች፤ ትልሞቹን ይበልጥ አቀጠነቻቸው፤ እንደገና ደመረች። ከዚያ ጠመኔዋን አንሥታ ያን ረጅም ጭረት ጻፈች። «ይህ ምልክት መደመር ማለት ነው» አለች።

ኡርጌ አቀርቅራ ቆየች። ክፍሉ ሲበተን ሐምዲያ ቀረበቻት።

«አዴ ኡርጌ፣ አመመዎት እንዴ?»

«የለም። ይህን አንድ ሰው ሊያስተምረኝ ነበር፤ እዚህ ጋ ስንደርስ ነው የሄደው።»

ሐምዲያ ስሙን ጠየቀቻት፤ የሒሳብ መምህራን እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ላፈላልግልዎት እችላለሁ አለች። ኡርጌ እነግርሻለሁ አለቻት። ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበት። አሁን ሸበቶ ይሆናል፤ ሚስትና ልጆች ይኖሩታል፤ ወይም የለም ይሏታል። የምትናፍቀው ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ወንበር ስቦ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ እሱን ሐምዲያም ብትሆን አታገኘውም። ስሙን አልነገረቻትም።

ሲ ፕላስ አገኘች። ከጥቂቶቹ ወጣቶች በለጠች፣ ከብዙዎቹ አነሰች። ውጤቱ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆማ የመታወቂያ ቁጥሯን ሁለት ጊዜ አነበበች። ደስ አላት፤ ደስታው ግን ከጎኑ የሚቆም ሰው ፈለገ።

በ2005 ሐምዲያ ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ስትሄድ ወፍራሙን የካልኩለስ መጽሐፏን ለኡርጌ ተወችላት። ኡርጌ ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ሁለተኛውንም ካልኩለስ አለፈች። ዲግሪው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በ2006 የንብረት ክፍሉ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል መጽሐፉን ትገልጥና በክፍል ያልተሰጡትን ምዕራፎች በእርሳስ እየሠራች ታነባለች። በቀን ከአንድ ገጽ አታልፍም። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በዚህ አካሄድሽ መች ልትጨርሺው ነው ብላ ጠየቀቻት።

«እንዲያልቅ አልፈልግም» አለቻት ኡርጌ፤ ገጹ ላይም ምልክት አድርጋ መጽሐፉን ዘጋች።