ፎቶው ላይ የጠቆረው ደም

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ከቦንጋና ከዋጫ የመጣችሁ እንግዶች ስላላችሁ መጀመሪያ ስሜን ልናገር። ማሞ እባላለሁ፣ እዚሁ ማንኪራ ነው የምኖረው፣ የአስቴር ባል ነኝ። መሪያችን "አምስት ደቂቃ" ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ያመቅኩትን ይዤ ነው የቆምኩት፣ እንግዲህ ታገሡኝ። አማርኛዬ ቢወላገድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። ጌታ ከሞት አወጣኝ፣ ከውሸትም አወጣኝ፤ ሁለቱንም ልመሰክር እፈልጋለሁ። ሃሌ ሉያ!

ያኔ ጌታን አላውቅም። የማውቀው ቀፎ መስቀልና ጠጅ መጠጣት ነው። አስቴር እሁድ እሁድ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ስትወጣ "ሂጂ፣ ለኔም ጨምረሽ ዘምሪ" እያልኩ እስቅባታለሁ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ትቀጥላለች። ይህ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

እንግዶች እንድታውቁት፣ በእኛ ጫካ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። አጥር የለውም፣ ጠባቂም የለውም፤ ግን "እገሌ የሰቀለበት ነው" ከተባለ ሌላ ሰው አይወጣበትም። የወጣ ሰው ሌባ ነው፣ ልጆቹም የሌባ ልጆች ሲባሉ ይኖራሉ። ይህን እያወቅሁ የጎረቤቴን የጋሽ ወልዴን ዛፍ ወጣሁ። አዎ፣ እኚሁ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ!

የዚያን ዓመት የኔ ቀፎዎች ባዶ ሆነው ሁሉንም አውርጃቸው ነበር። የሳቸው ሞልቷል። ቅናት ነው ወገኖቼ፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። እሁድ ጠዋትን መረጥኩ። ለምን? ሁላችሁም እዚህ ናችኋ! እናንተ እዚህ ስትጸልዩ እኔ የወንድማችሁ ቀረሮ ዛፍ ላይ ተንጠልጥያለሁ። ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው፣ ንብ በቀን አይምርም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሌባ ግን ሰዓቱን የሚመርጠው በንቡ ሳይሆን በባለቤቱ ነው። ንቦቹ ፊቴን ሲወርሩኝ የያዝኩት ሐረግ ተበጠሰ። ከነቀፎው ከላይ መጣሁ፣ ጭንቅላቴ የዛፉን ሥር መታ። ትንሽ ቆይቼ ተነሳሁና ልብሴን አራግፌ ወደ ቤት ሄድኩ። አስቴር ስትመለስ ፊቴ አብጧል። "መንገድ ላይ ንብ ነደፈኝ" አልኳት፣ አለቀ።

አንድ ወር ያህል ደህና ነበርኩ። ከዚያ ራስ ምታት ጀመረኝ። ቀኝ እጄ ብርጭቆ መያዝ አቃተው፣ ምላሴ ተሳሰረ። ሰዉ "ማሞ ዛሬም ጠጥቷል" ይላል። ወንድሞች፣ በዕድሜዬ ሳልጠጣ ሰክረሃል የተባልኩት ያኔ ብቻ ነው!

አስቴር ቦንጋ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የመረመረኝ ልጅ "ወድቀህ ታውቃለህ? ባጃጅ ምናምን ገጭቶህ?" አለኝ። "በፍጹም!" አልኩት። ለምን መሰላችሁ? ጋሽ ወልዴ ዛፋቸው ሥር የተበጠሰ ሐረግና የተሰባበረ ቀፎ አግኝተው፣ መንደሩ በሙሉ የወደቀ ሰው እየፈለገ ነበራ! "ወድቄአለሁ" ማለት "ሌባው እኔ ነኝ" ማለት ነው። እንግዲህ የታይፎይድ መድኃኒት ሰጡኝ። በነሱ አልፈርድም። እኔ ከውስጥ የቆለፍኩትን በር እነሱ በምን ይክፈቱት?

መድኃኒቱ አለቀ፣ እኔ ባሰብኝ። አንዳንዱ "መንፈስ ነው" አለ፣ አንዳንዱ "ዓይን ነው" አለ። የጸሎት ቡድኑ ቤታችን ሲመጣ ከፊት ማን ነበር? ጋሽ ወልዴ! እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና "ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥ" ብለው ጸለዩ። ሁሉም "አሜን" ሲል እኔ ላብ አጠመቀኝ። ትስቃላችሁ፣ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን መነሳት አቃተኝ። ጋሽ ወልዴ መጥተው አዩኝና "ጸልየናል፤ አሁን ደግሞ መኪና እንጥራ" አሉ። በቃሬዛ ወደ መንገድ አወጡኝ። እስከ ጅማ ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ ራሴን ጭናቸው ላይ ደግፈው የያዙት እሳቸው ናቸው። የሰረቅኳቸው ሰውዬ!

ጅማ ሆስፒታል ያገኘችን ዶክተር ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። "ከጥቂት ዓመት በፊት ቢሆን አዲስ አበባ ነበር የምንልክዎ፣ መድረስዎንም እንጃ። አሁን ግን ማሽኑ እዚሁ አለልን። ጭንቅላትዎን ሳንከፍት ውስጡን እናየዋለን" አለችኝ። ደግማ ጠየቀችኝ፣ "ጋሼ፣ ወድቀው ነበር?" በተሳሰረ ምላሴ "አል...ወደቅሁም" አልኩ። እዩልኝ እስቲ፣ ሞት ደጅ ላይ ቆሞ እኔ እዋሻለሁ!

ክብ ቀዳዳ ባለው ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። ወዲያው አለቀ፣ ምንም አላመመኝም። ፎቶውን አዲስ አበባ ላለ ስፔሻሊስት በኢንተርኔት ልካ አስነበበች። ተመልሳ መጣችና አስቴርና ጋሽ ወልዴ ባሉበት ኮምፒውተሩን አዞረችልን።

"እዩ፣ አእምሮውን ወደ ጎን የገፋው ይሄ ደም ነው" አለች። "ትኩስ ደም ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። እየቆየ ሲሄድ ይጠቁራል። ይሄ ጠቁሯል፣ ሳምንታት አልፈውታል። ታይፎይድ አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። ጋሼ፣ እርስዎ ወድቀዋል።"

ወገኖቼ፣ ማሽኑ መውደቄን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም አወቀብኝ! አስቴር "ዶክተር፣ እሱ እኮ አልወደቀም" ስትል ሰማኋት፤ ለኔ ጥብቅና ቆማ። ዶክተሯ ግን ወደ ኔ ጎንበስ አለች። "ከምን ላይ ነው የወደቁት? ከፍታው ብዙ ከሆነ ከማደንዘዣው በፊት አንገትዎንም ማየት አለብኝ። ጉዳት ካለበት ሳናውቅ ስናንቀሳቅስዎ ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ። እውነቱን ይንገሩኝ።"

ጋሽ ወልዴ ከራስጌዬ ቆመዋል። በልቤ "ኢየሱስ ሆይ፣ አስቴር የምትጠራህ ከሆንክ አፌን ክፈተው" አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ያቺ ናት። ከዚያ በስንት ትግል ወጣ፦ "ከቀረሮ... ላይ። ከጋሽ ወልዴ... ቀፎ።"

ጋሽ ወልዴ በሩን ከፍተው ወጡ። ሄዱ፣ አለቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንገቴን ፎቶ አንስተው ደህና ነው ብለው ወደ ቀዶ ጥገና ሊያስገቡኝ ሲገፉኝ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ተናድጃለሁ" አሉ። "በጣም ነው የተናደድኩት። ግን ከሬሳ ጋር አልጣላም። ዳንና እንጣላ!"

ሃሌ ሉያ! ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው እንደ ተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ደም አወጡልኝ። በማግስቱ ውኃ ስጪኝ ብዬ ብርጭቆውን በቀኝ እጄ ያዝኩ። አስቴር ብርጭቆውን አይታ አለቀሰች። "ያንቺን ጌታ እኔም እፈልገዋለሁ" አልኳት። እዚያው አልጋው ላይ፣ ጭንቅላቴ እንደታሰረ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

አገር ቤት ስገባ ጋሽ ወልዴ ጋ ሄድኩ። "እንጣላ ብለውኝ ነበር፣ ይኸው መጥቻለሁ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "የማሩን ትቼዋለሁ" አሉ። "እጄን ራስህ ላይ ጭኜ ስጸልይልህ ዝም አልከኝ! እዚያ ላይ ነው የምጣላህ። ለአንድ ቀፎ ማር ብለህ ልትሞትብኝ ነበር እኮ!" ብለው አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ለመንደሩም "ሌባዬን አግኝቼዋለሁ፣ ታርቀናል" ብለው ዘጉት። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም አልነገሩም። ዛሬ የምትሰሙት ከራሴ አፍ ነው።

ትናንት "ልመሰክር ነው" ብዬ ፈቃድ ስጠይቃቸው "እኔን ለማመስገን ከሆነ ይቅር። የሚደብቅ ሰው ካለ ብለህ ከሆነ ተናገር" አሉኝ። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የምትደብቀውና የምትደብቂው ካለ ለአንተም ለአንቺም ነው የቆምኩት። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት፤ ያን ማሽን ለሰው ጥበብ የሰጠው ጌታ ነው፣ በመመርመራችሁ እምነታችሁ አይጎድልም። ጌታ ፊትም እንዲሁ ቅረቡ። እኔ እውነቱ ከወጣ እሞታለሁ ብዬ ነበር የሸሸሁት፤ ሲገድለኝ የነበረው ግን መደበቄ ነው። ይኸው ምላሴ ተፈትቶ ሌባ እንደነበርኩ በልጆቼ ፊት ተናገርኩ፣ በሕይወትም ቆሜአለሁ። በእሱ ታመኑ፣ አያሳፍራችሁም። አሜን!