አራተኛዋ ኦፕ አምፕ

ሙሄዲን በየማለዳው ወደ ሽመናው አዳራሽ ሲገባ መጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው ካቻቢቴውን ነው። ብሎን ሊፈታበት አይደለም። ጫፉን ከማሽኑ ብረት ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ከጆሮው ፊት ካለችው አጥንት ላይ ያስደግፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ሠላሳ ስድስት ማሽን አንድ ላይ በሚጮህበት፣ ሰው ከሰው ጋር በከንፈርና በእጅ በሚግባባበት አዳራሽ፣ እሱ በዚያች ቀጭን ብረት በኩል የአንዱን ማሽን ሆድ ለብቻው ያዳምጣል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደርቋል ይላል፤ ወይም ቀበቶው ላልቷል ይላል። ማሽኑ ሲከፈት እንዳለው ሆኖ ይገኛል።

በዚህ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥገና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሠራተኛው የሚጠራው «ጆሮው» እያለ ነው፤ አዲስ የገባ ሰው እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው። ሸማኔዎቹ በጆሯቸው ጥጥ ይወትፋሉ። የጥገና ሰዎች አይወትፉም፤ ከዱሮ የተያዘ ልማድ ነው። ጆሮውን የደፈነ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ መኪና እንደሚነዳ ይቆጠራል። ጆሮው ለሙሄዲን እንጀራውም ስሙም ነው።

ቤት ሲገባ የሚያዳምጠው ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወዳጁ በላቸው ከግማሽ ጡብ የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ሸጦለት ነበር። ሣጥኑ በአንድ ወገን ከስልክ፣ በሌላው ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ይገናኛል። ዳክ የሚሉት ክፍሉ ስልኩ የሚልከውን ቁጥር ወደ ድምፅ ይለውጣል። ኦፕ አምፕ የምትባለው፣ ስምንት እግር ያላት፣ ባቄላ የምታህል ቺፕ ደግሞ ያንን ደካማ ድምፅ አጉልታ ለማዳመጫው ታቀብላለች። ቺፗ አልተበየደችም፤ መቀመጫ ስላላት ነቅሎ ሌላ መትከል ይቻላል። ይህን ሣጥን የሚወዱ ሰዎች ቺፗ ስትቀየር ድምፁም አብሮ እንደሚቀየር ይምላሉ።

ሙሄዲን በሣጥኑ ከሁሉ አብልጦ የሚያዳምጠው ሐርቡ ላይ በአንድ መውሊድ ራሱ በስልኩ የቀዳውን መንዙማ ነው። ያን ዕለት ስልኩ ጉልበቱ ላይ፣ ተስቢሁ በቀኝ እጁ ነበር። አንድ ሽማግሌ ያዜማሉ፤ ሕዝቡ እያጨበጨበ ይቀበላል፤ ድቤው ከሥር ይመታል። ከዚያ ሁሉ መካከል የገዛ ተስቢሁ፣ ዶቃ በዶቃ ላይ ሲወድቅ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሣጥኑን በገዛ ሰሞን ይህን ሰምቶ ብቻውን ስቆ ነበር።

ከረመዳን በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ከፈረቃ ገብቶ ሲያዳምጥ ዶቃዎቹ የሉም። ሽማግሌው አሉ፤ ድቤው አለ፤ ጭብጨባው እንኳ እርጥብ ጨርቅ እንደተጣለበት ደነዘ እንጂ አለ። ድምፁን ጨመረ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ተቀመጠ፤ ሞቀውና ተነሥቶ ከፈተው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ድምፅ ሲበላሽ ጥፋቱ ከማሽኑ መሆኑን ነው። ስለዚህ የሣጥኑን አራት ብሎን ፈታ።

የመጀመሪያዋን ቺፕ ነቅሎ ከበላቸው የገዛትን ሁለተኛ ተከለ። ሁለት ቀን ዶቃዎቹ የተመለሱ መሰለው፤ በሦስተኛው ቀን አለመመለሳቸውን አመነ። ሦስተኛ ገዛ።

በዚያው ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ ወርቄ ጠራችው። ወርቄ አሥራ አራት ቁጥር ማሽን ላይ የምትሠራ፣ ከገጠር ከመጣች አምስት ዓመት የሆናት ሸማኔ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያፏጫል!» አለችው፣ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ።

ካቻቢቴውን አሳረፈ፤ አንሥቶ ዳግመኛ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። የተለመደው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ምንም የለውም።»

«ኧረ ጥርሴን እስኪያመኝ ነው የሚያፏጨው!»

«እንግዲያው የጥርስ ሐኪም ነዋ የሚያስፈልግሽ!» አለ፣ አጠገባቸው ያሉት ከከንፈሩ እንዲያነቡት አድርጎ። ሳቁባት። እሷም የተበጠሰ ክሯን ልትቀጥል አጎነበሰች።

ረቡዕ ከፈረቃ ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎት። ያ ማሽን ዛሬ ብሶበታል። እጄን የማስገባው እዚያው ጋ ነው።»

«ሁለቴ አዳምጬዋለሁ እኮ፣ ወርቄ።»

«እሱማ አዳምጠዋል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ሙሄዲን ቤቱ ሲደርስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሣጥኑን ከፈተ። «እሱማ አዳምጠዋል» ያለችበት አነጋገር አልለቀው ብሎ ነበር። ሦስተኛዋን ቺፕ ጫን አድርጎ ተከላት፤ መብራቱን ሰካ። ድምፅ የለም። ጣቱን ቢያሳርፍባት እንደ ፍም ፈጀችው፤ ወዲያው ቤቱን የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሞላው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ሚስቱ ራቢያ ከጓዳ።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ይሸታል?»

ሐሙስ የዕረፍት ተራው ነበርና በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ደሴ ወጣ። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ እንደ ሁልጊዜው ጆሮው ድፍን አለ። ምራቁን ዋጠ፤ አዛጋ፤ አፍንጫውን ይዞ ተነፈሰ። የጎኑ ተሳፋሪ ጆሮው ወዲያው ተከፍቶለት በስልክ ማውራት ቀጠለ። የሙሄዲንም ተከፈተ፤ ግን ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አልመሰለውም። እስከ መናኸሪያው ድረስ መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ ሄደ።

ሰኞ ገበያ ሰው በሰው ላይ ነው። በላቸው ከመስታወት ሣጥኑ ኋላ ሆኖ ገና ከሩቅ አየው።

«መጣህ ጆሮው! ፊትህን ሳየው ሬሳ ይዘሃል።»

ሙሄዲን በወረቀት የጠቀለላትን ቺፕ አስቀመጠለት። በላቸው በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ አያት።

«ይቺን ጎድጎድ ያለች ምልክት ወዴት አዙረህ ነው የተከልካት?»

«ቸኮልኩ።»

«ገልብጠህ! አንተ፣ የፋብሪካ መካኒክ?»

«ቸኮልኩ አልኩህ። ሌላ ስጠኝ።»

በላቸው መሳቢያውን ሳበ። «የመጀመሪያዋን ፈታህ። ሁለተኛዋንም ፈታህ። ሦስተኛዋን በእሳት ገደልካት። ይቺ አራተኛህ ናት፤ ከዚህ ወዲያ ሸሪዓውም አይፈቅድልህም።»

«ወላሂ፣ ይቺ ካላሰማችኝ ሣጥኑን ቦርከና ወንዝ ነው የምጥለው።»

«ከምትጥለው ይዘኸው ና፣ አብረን እንስማው።»

«አንተ ደግሞ ምን ትሰማለህ? ሱቅህ ውስጥ ሦስት ሬዲዮ እየጮኸ!»

በላቸው ዘወር ብሎ መደርደሪያውን አየ። «ሁለት ነው» አለ። «አንዱ ጠፍቷል።»

ሙሄዲን ምሳ እንብላ ቢባልም አልቆመም። ከአሥር ሰዓት በፊት ኮምቦልቻ ገባ። አሁን አልቸኮለም፤ ምልክቷን ከመቀመጫው ምልክት ጋር ሁለት ጊዜ አስተያይቶ ተከላት። ማዳመጫውን አጠለቀ። ሽማግሌው፤ ድቤው፤ የደነዘው ጭብጨባ። መልሶ ከመጀመሪያው አስጀመረው። ጭብጨባ፤ ድቤ።

«ራቢያ!»

ራቢያ ልብስ ከምታጥብበት እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። «እ? ይቺም ሸተተች?»

«ነይ ስሚልኝ። የምትሰሚውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ አደረገች። «ማሻ አላህ፣ ድምፃቸው ሲያምር። ድቤ አለ… ጭብጨባ… አንዱ ደግሞ ተስቢህ ይቆጥራል።»

ሙሄዲን ማዳመጫውን ነጥቋት ሰማ፤ ሰጣት።

«የቱ ጋ ነው?»

«አሁን። አሁንም። ይሄማ አንተ ነህ! ሦስት ትቆጥርና ታርፋለህ፤ ከዚያ አውሬ እንዳባረረው ሰው ትሮጣለህ።»

አራተኛዋን ነቅሎ ሁለተኛዋን ተከለ፤ የቷ እንደሆነች አልነገራትም። ራቢያ ተስቢሁን ሰማችው። ሁለተኛዋን ነቅሎ ያችን ደክማለች ብሎ ያሰባትን፣ ከሣጥኑ ጋር የመጣችውን የመጀመሪያዋን መለሰ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ይቆጥራል። ሙሄ፣ ምን ሆነሃል? በሦስቱም ላይ አለ እኮ።»

ሙሄዲን ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ተስቢህ አውርዶ እጇ ላይ አኖረላትና ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

«ከኋላዬ ሁኚና ቁጠሪ። ስትጀምሪ አትንገሪኝ፤ እኔ እነግርሻለሁ።»

ጠበቀ። ውጭ ባጃጅ አለፈ፤ እሱን ሰማው። የጎረቤት በር ተዘጋ፤ እሱንም ሰማው። እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

«ጀምሪ እንጂ» አለ በመጨረሻ።

ራቢያ ተስቢሁን ይዛ ወደ ፊቱ ዞረች። «ሠላሳ ሦስቱን ዶቃ ጨረስኩ እኮ» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻለም። እስከ ቦርከና ወረደ፤ ውኃው ሲፈስ ቆሞ አዳመጠ፤ ተመለሰ፤ ደጁ ሲደርስ ዞሮ እንደገና ወረደ። ለማንም መናገር የለበትም፤ ይህ ግልጽ ነው። ጆሮ የሌለውን «ጆሮው» ፋብሪካው ምን ያደርገዋል? ዕቃ ቤት ያስገባዋል፤ ወይም በር ላይ ያቆመዋል። በዓይንና በእጅ እየዳበሰ ሁለት ሦስት ዓመት ሊያዘግም ይችላል። ሦስተኛውን ጊዜ ሲመለስ ግን ልቡ ያለው ሥራው ላይ አልነበረም፤ አሥራ አራት ቁጥር ማሽን ላይ ነበር። ወርቄ «እጄን የማስገባው እዚያው ጋ ነው» ብላዋለች።

ዓርብ ማለዳ ፈረቃው ሳይለወጥ ደረሰ። ካቻቢቴውን ከኪሱ አላወጣም። በቀጥታ ወደ ወርቄ ሄደ።

«ዛሬም ያፏጫል?»

«ይኸው እየጮኸ!» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

«የቱ ጋ?»

በጣቷ አሳየችው። ማሽኑን አጠፋና ያሳየችውን ሽፋን ፈታ። ኩሽኔታው ቅባት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ብረቱ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ ከእንክብሎቹ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፤ የተቀመጠበት ቤት በጣት ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ወርቄ አጎንብሳ አየችው፤ ከዚያ የራሷን እጅ አየች።

የጥገናው ኃላፊ ኃይለ ሚካኤል ማሽኑ ቆሞ ሲያይ መጣ። ኩሽኔታውን ተቀብሎ አገላበጠና ሙሄዲንን ወደ ውጭ፣ ሰው ወደሚደማመጥበት በረንዳ አወጣው።

«አንድ ቀን ቢያድር ዘንጉን ይዞት ይሰበር ነበር። ልጅቷን አተረፍካት፣ ጆሮው!»

ሙሄዲን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«እኔ አይደለሁም የሰማሁት። ወርቄ ናት።»

«አንተስ?»

«ሁለቴ አዳምጬው ደህና ነው ብያታለሁ። ሰውም አስቄባታለሁ። ቀጭን ድምፅ አልሰማም፣ አቶ ኃይለ ሚካኤል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።»

ኃላፊው የአዳራሹን በር ገፋ አድርጎ ዘጋ። «ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ሚስቴ። ትናንት።»

«ሌሎቹስ? የጥገናዎቹ?»

«እነሱም ጥጥ አይወትፉም» አለ ሙሄዲን።

ኃይለ ሚካኤል የሕክምና መላኪያ ወረቀት ሊጽፍለት ወደ ቢሮው ገባ። ሙሄዲን ወደ አዳራሹ ተመለሰና አዲስ ኩሽኔታ ገጠመ፤ ቅባት ሞላው፤ ማሽኑን አስነሣ። ካቻቢቴውን አውጥቶ በእጀታው በኩል ለወርቄ ሰጣት፤ አጥንቷ ላይ የት እንደምታስደግፈው በጣቱ አሳያት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ አያፏጭም።

ከዕቃ ሣጥኗ ጥጥ ቆርሳ ሰጠችው። ተቀብሎ ሁለቱንም ጆሮውን ወተፈ።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ደሴ፣ የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ አለው።