የታችኛው መንደር ጢስ

ኡሙሃኒ ከጎብዬ ወደ ቆላው ወረድ ባለች መንደር የኖረች፣ እጇ ከወፍጮ መጅ፣ አፏ ከእንጉርጉሮ የማይለይ ሴት ነበረች። ጎህ ሲቀድ ስትፈጭ ድምጿን የሰማ መንገደኛ አህያውን አቁሞ ያዳምጣት ነበር ይባላል። ባሏ ታሂር የሰው መሬት እኩል አራሽ ነው፤ ካመረተው ግማሹ ወደ ላይኛው መንደር፣ ወደ ባለርስቶቹ ጎተራ ይወጣል። በደጉ ዘመን የቀረው ይበቃቸው ነበር። ዝናቡ ሲቀር ግን የላዩ ጎተራ ሰነበተ፣ የታቹ ተራገፈ።

የዚያ አገር ሰው ረሀቡን ለጎረቤት አያሳይም። ሲመሽ በታችኛው መንደር ያለ ቤት ሁሉ ኩበት ያነዳል፣ ድስት ይጥዳል። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ጢስ ያልወጣበት ቤት ምድጃው ቀዘቀዘ ይባላላ፤ ከዚያ ሞት ይሻላል።

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ መጋቢት ላይ፣ ካሳው መጣ። የቆቦ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ጋዜጣ ይጽፋል። ለድርቁ የተቋቋመው የእርዳታ ኮሚቴ "ድርቁ የጎዳው ሁሉንም እኩል ነው" እያለ እህሉን አስፋልት ዳር ብቻ ያድላል። ካሳው ደግሞ ማን እንደሚበላ፣ ማን ጦሙን እንደሚያድር መንደር ከመንደር አነጻጽሮ መጻፍ ፈለገ። ሰዉን ቢጠይቅ "ተመስገን፣ አለን" ብቻ ሆነበት። ስለዚህ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሚጨሱትን ቤቶች ቆጠረ።

ሲወርድ ኡሙሃኒ ደጃፏ ላይ አገኘችው።

"ምን አየህ፣ አንተ ልጅ?"

"ላይኛውም ታችኛውም እኩል ይጨሳል፣ እትዬ። ኮሚቴው እውነቱን ነው መሰለኝ።"

ውስጥ አንድያ ልጇ ሀሊሜ ከመደቡ መነሳት አቅቷት ተኝታለች። ይህ ወሬ ጋዜጣ ላይ ከወጣ እህሉ ወደዚህ ላይመጣ ነው። አጠገቧ የቆመው ታሂር የሚስቱን ፊት አይቶ ሐሳቧ ገባው።

"ዝም በዪ። ገመናችንን ልታወጪው ነው?"

"ገመና ልጅ አያሳድግም" አለችና ካሳውን እጁን ይዛ አስገባችው። የድስቱን ክዳን አነሳች። ውሃው ይንተከተካል፤ ሌላ ምንም የለም።

ካሳው አቀረቀረ። "እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። እንዴት ረሳሁት?"

"አንተስ ረሳህ። እኔ ውሃ ቀቅዬ ጋዜጠኛ የማጠግብ ባለሙያ መሆኔን መች አውቄ።"

ታሂር ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሦስቱም ተቀምጠው መከሩ። ጢስ ካታለለ ምን ይታመናል?

"ወፍጮስ?" አለ ካሳው።

"በባዶ ወፍጮ ማን ይፈጫል?" አለ ታሂር። "ጉልበቱስ ከየት ይመጣል?"

ጎህ ሲቀድ ካሳውና ታሂር ሁለቱን መንደሮች በጆሮ ዞሩ። ላይኛው መንደር ከቤት ቤት ወፍጮው ያጉረመርማል። ታችኛው ጭር ብሏል። ካሳው በየቤቱ አንጻር ማን ባለርስት፣ ማን ጭሰኛ እንደሆነ ጻፈ። ሲመለሱ ኡሙሃኒ ለራሷ ታንጎራጉር ነበር፦

ዝናቡስ የቀረው ከላይም ከታች፣
የኔ ወፍጮ ብቻ ለምን ዝም አለች።

"ይህን ከጽሑፌ አናት ላይ ላድርገው?" አላት።

"ስሜን ተወው እንጂ ግጥሙን ውሰደው።"

ጽሑፉ ወጣ። ዝናብ የነፈገው ሁለቱንም ነው፣ የተራበው ግን ጭሰኛው ነው ይላል። ኮሚቴው ከበላይ አካል ተጠየቀና "እኩል ነው" የሚለውን ቃል ዋጠው። ሚያዝያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ እየተንገዳገደ ታችኛው መንደር ደረሰ።

ሀሊሜ መጀመሪያ አጥሚት በማንኪያ፣ ቆይቶም በጣሳ ጠጣች። አንድ ማለዳ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

"እማ፣ ቂጣ የለም?"

ኡሙሃኒ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ለወራት ጨምድዶ የያዛት ነገር ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት። "አልሃምዱሊላህ" አለች፣ ቀስ ብላ።

"እስቲ እያት" አለ ታሂር፣ ዓይኑን ለመደበቅ ፊቱን እያዞረ። "ገና ከመቆሟ መለመን ጀመረች።"

"ትለምን፣ ተዋት" አለች ኡሙሃኒ፣ ከመሶቡ ቂጣ ልትቆርስላት እየተነሳች።